ፀሐይ ላይ የተሰጣ ድምፅ

የኔታ ድምፃቸውን ያጡት በሐኪም ቢላዋ ነው። ጉሮሯቸው ውስጥ የበቀለው ነገር እየሰፋ ሲሄድ አዲስ አበባ ያሉት ሐኪሞች ወይ ድምፅዎን ወይ ነፍስዎን አሏቸው። "እንግዲያስ ትንሽ ጊዜ ስጡኝ" ብለው ወደ ላሊበላ ተመለሱና ቤታቸው እንኳ ሳያርፉ እኔ ጋ መጡ። ጋቢያቸውን አስተካክለው ማይክራፎኑ ፊት ተቀመጡ። "በይ ክፈችው" አሉኝ፤ "መዋሥዕቱን ላስረክብሽ።"

መዋሥዕት በአብዛኛው ለሙታን የሚደርስ ዜማ ነው። ቃሉ ተጽፏል፤ ከፊደሉ በላይ የተደረደረው ምልክትም ድምፁ የት እንደሚወጣና የት እንደሚወርድ ያሳያል። እንዴት እንደሚወጣ ግን አይናገርም። የቱ ጋ ትንሽ እንደሚያንገራግር፣ የቱ ጋ ሊወድቅ መስሎ እንደሚነሳ፣ ይህ ሁሉ ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ የሚሄድ ነገር ነው። የኔታ ከመምህራቸው የተቀበሉት አካሄድ ደግሞ አሁን ሌላ ቦታ አይሰማም ይባላል። አራት ተማሪዎች ነበሯቸው። አራቱም አልጨረሱም። እንግዲህ ቀሪውን የሚማሩት እኔ ከምቀዳው ድምፅ ነው ማለት ነው።

ድምፃቸው እየሻከረ፣ መሐል ላይ ውሃ እየጠጡ፣ አንዳንድ ቀን ሳሉ አላስቀጥል ብሎን እየተውነው፣ እንደምንም ዘለቁት። የመጨረሻውን ሲያወርዱ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቀው ሰጡኝና "አደራ" ብቻ አሉኝ። እኔ ከሳቸው አንደበት የሰማሁት የመጨረሻ ቃል እሱ ነው። ከዚያ አዲስ አበባ ተመልሰው ጉሮሯቸውን ተቆረጡ።

ከተመለሱ በኋላ አፋቸው ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ከንፈራቸውን አይተው የሚናገሩላቸው ባለቤታቸው ናቸው። እሳቸውን ሁላችንም እማማ እንላለን፤ ከዚህ ወሎ ምድር እንደሳቸው ተጫዋች አላየሁም። "ዕድሜ ልካቸውን እሳቸው ሲያዜሙ እኔ ሳዳምጥ ኖርኩ" ይላሉ እየሳቁ። "አሁን ተራው የኔ ነው። ግን የኔን ድምፅ ማንም ልቅዳው አላለም።"

የቀዳሁትን ያኖርኩት ከአሸተን ማርያም መውጫ መንገድ ዳር በተከራየኋት የድንጋይ ቤት ውስጥ ነው። እኔ የኮምፒውተር ትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም። የአስጎብኚዎችን ስልክ ከመጠገን ጀምሬ፣ የሙሽራ ቪዲዮ ወደ ማቀናበር ተሻግሬ፣ ቀሪውን ከስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ የተማርኩ ሰው ነኝ። ከአንድ የተዘጋ መሥሪያ ቤት የወጡ ሦስት አሮጌ ሰርቨሮች አዲስ አበባ ያለ ወዳጄ አግኝቶ ላከልኝና፣ የመምህራኑን ትምህርት የምንቀዳ ጥቂት ሰዎች ሆነን ማከማቻ ሠራንባቸው። ሲነሱ ወፍጮ ቤት የገባችሁ ይመስላችኋል።

አሠራራቸውን ለሰው ማስረዳት ደስ ይለኝ ነበር። በሦስቱም ሆድ ውስጥ ዲስኮች ተደርድረዋል። አንድ ቀረጻ ስታስገቡ ሦስቱ ተባብረው ይቆራርጡትና እያንዳንዱን ቁራጭ በሦስት ቅጂ አድርገው ይካፈሉታል፤ ለየሰርቨሩ አንድ አንድ። አንዱ ሰርቨር ቢሞት ቁራጩ በሁለቱ ዘንድ አለ። ሁለት ቢሞቱ በአንዱ አለ። የትኛው ቁራጭ የትኛው ዲስክ ላይ እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ዲስክ ደግሞ ደግ ፍጥረት ነው። ከአንዱ ሰርቨር ነቅላችሁ ሌላው ላይ ብትሰኩት አይጠፋበትም፤ እኔ እገሌ ነኝ፣ የያዝኩትም ይህ ነው ብሎ ራሱን ያስተዋውቃል። እኔ ይህን ጸባዩን እወድለት ነበር። ሰርቨር ሲታመም ዲስኮቹን አውጥቼ ወደ ጤነኛው ሳዛውር የኔታ ሁልጊዜ አጠገቤ ቆመው ይመለከታሉ። የራሳቸው ድምፅ ከቤት ወደ ቤት ሲሄድ ማየት ሳይደንቃቸው አይቀርም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አክስቴ ኩልመስክ ላይ ዐረፈች። መብራት ከጠፋ ሰንብቶ ስለነበር ማሽኖቹን በሥርዓት አጥፍቼ፣ የቤቱን ቁልፍ ለየኔታ ሰጥቼ ወደ ለቅሶው ሄድኩ። ዘመድ አዝማዱ በቶሎ የሚለቅ አይደለም። እስክመለስ መስከረም ጠብቶ ጋራው ሁሉ ቢጫ ለብሶ ነበር።

ስመለስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እማማ ደጃፉ ላይ ናቸው።

"እግዜር ያጽናሽ ልጄ። እንዲያው ያን ጉድጓድ ቤትሽን አናፈስንልሽ።"

"እግዜር ይስጥልኝ እማማ። ምን ሁኖ ነበር?"

"ምን ይሁን! ግድግዳው አረንጓዴ አብቅሎ ጠበቀን። ሰውየው አላስቀምጥ አሉኝ። 'መጻሕፍቱ ይሻግታሉ፣ መጻሕፍቱ ይሻግታሉ' ይሉኛል አፋቸውን እያሞጠሞጡ።"

"የትኞቹ መጻሕፍት?"

"አንች ደግሞ! እነዚያ ብረቶችሽ ናቸዋ። የሳቸው ድምፅ ያለባቸው።"

የኔታ በጎልማሳነታቸው የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ነበሩ፤ ማለትም የንዋየ ቅድሳቱና የመጻሕፍቱ ጠባቂ። ክረምት በወጣ ቁጥር ብራናዎቹን ከየማኅደራቸው አውጥተው አየር ያስመታሉ፣ አቧራቸውን ይጠርጋሉ፣ ብል የነካውን ይለያሉ። እርጥበት የስንቱን መጽሐፍ ነፍስ እንዳጠፋ በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው። እኔም ይህን አውቃለሁ። ስለዚህ እማማ ሲናገሩ ምን እንደተደረገ ወዲያው ገባኝ።

"እንዴት አድርጋችሁ አወጣችኋቸው?" አልኩ ቀስ ብዬ።

"አንች ስታወጭ አይተው የለ? ጫን ሲሉት ምላሱን ያወጣል፣ ምላሱን ስትስቢው ሙሉውን ተከትሎ ይመጣል። ግቢው ላይ ሰሌን አንጥፈን ሰጣናቸው። ኧረ እንዴት ይዘዋቸው መሰለሽ! እንደ አራስ ሕፃን። አንድ በአንድ በነጠላቸው ጫፍ ወለወሏቸው። ለልጆቻችን እንዲያ አላደረጉም እኮ። ኋላ ቀትር ሲያልፍ በአሸተን በኩል ደመናው ዱብ አይል መሰለሽ? ስጥ ላይ ዝናብ ሲመጣ ታውቂ የለ? እየሮጥን! እሳቸው በጋቢ፣ እኔ በቀሚሴ። ሁለት ሦስቱ ደጃፉ ላይ አምልጠውኝ ነበር። ግን ምንም አልሆኑም፤ ብረት አይደሉ?"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ መለስናቸው። በየቀዳዳቸው ልክክ አሉ። አንድም አልተረፈን፣ አንድም አልጎደለን።"

ፊታቸው ምርቃት የሚጠብቅ ሰው ፊት ነበር። በትክክል ሠርተዋል እኮ። እኛ አገር ከዝናብ ስጥ ያዳነ ሰው ይመሰገናል። "ተባረኩ እማማ" አልኩ። ሌላ ምን ልበል? ልቤ ወደ ቤቱ እየሮጠ አፌ ምርቃት ይቀጥላል። ቢያንስ ማሽኖቹ ጠፍተው ሳለ ነው የተነቀሉት፣ ቢያንስ ሳላስነሳቸው አንድ በአንድ አያቸዋለሁ እያልኩ ወደ በሩ ስራመድ ከውስጥ ወፍጮው ተነሳ።

መብራት መጣ። መብራት ሲመጣ ራሳቸው እንዲነሱ አድርጌ ነበር የሠራኋቸው።

"ይኸው! ደስ አላቸው" አሉ እማማ።

ስክሪኑን ስከፍት የማሽኖቹን ጤና የሚያሳየው ምልክት ቢጫ ነው፤ እያየሁት ቀላ። ዲስኮቹ ተነስተው ራሳቸውን አስተዋወቁ፤ ነገር ግን አብዛኞቹ ሰው ቤት ነበሩ። የመጀመሪያው ሰርቨር ዲስኮች ሦስተኛው ውስጥ፣ የሁለተኛው የመጀመሪያው ውስጥ። ማሽኖቹም ጉዱን ሲያዩ ደነገጡ። የአንድ ቁራጭ ሁለት ቅጂ አንድ ጣራ ሥር ተገኘ፤ ይህ ለነሱ ነውር ነው። ያንን ለማስተካከል ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ ማጓጓዝ ጀመሩ። ከዚህ ወደዚያ፣ ከዚያ ወደዚህ፣ ማንም ሳያዛቸው፣ በመልካም ልብ። አቁሙ የሚለውን ትዕዛዝ ጻፍኩ። መልስ የሚሰጠኝ ጠፋ። እንደገና ጻፍኩ። እነሱ በሥራ ተጠምደዋል። ሁለት ዲስኮች ጭራሽ አልተነሱም። ሦስተኛ አንድ ዲስክ ተነስቶ ነበር፣ ግን ከሆዱ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማኛል። ማሽኖቹ ደግሞ ከሌላው ይልቅ እሱን ነው የሚጠይቁት፤ የሁለቱን ሙታን ቁራጮች የያዘው እሱ ስለሆነ አምጣ፣ አምጣ ይሉታል። እጄን በላዩ ላይ አደረግኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ የታመመ ሕፃን ግንባር እንደሚነካው። ይሞቃል። ትዕዛዜ ተሰምቶ ሁሉም ቀጥ ሲል ቀጭ ቀጩም አብሮ አበቃ፤ ያ ዲስክ ከዚያ ወዲህ አልተነሳም።

ስልክ የሚሠራው ከቤቱ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ነው። ወጥቼ ወዳጄ ጋ ደወልኩ።

"ማነው ነቅሎ የሰካው?" አለኝ የስክሪኑን ፎቶ አይቶ። "እህቴ፣ ዲስክ እኮ እግር የለውም።"

"ፀሐይ ሲሞቁ ነበር።"

"እነማን?"

"ዲስኮቹ። ሰሌን ላይ ተሰጥተው።"

ከዚያ ሳቀ፣ እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። ሲጨርስ ድምፁ ተለወጠ። "እየቀለድሽ አይደለም አይደል?"

"አይደለም።"

"ሌላ ቅጂ የለሽም?"

የቀድሞዎቹን ቀረጻዎች ለሱ ልኬለት ነበር። መዋሥዕቱ ግን የመጨረሻው ነው። ኢንተርኔቱ ክረምቱን ሙሉ ከሕፃን ጉሮሮ የጠበበ ስለነበር፣ ቢሞከር ቢሞከር መንገድ ላይ እየተቋረጠ አልሄደም። ነገርኩት። በሳቁ የተጸጸተ ይመስለኛል፤ "አብሽሪ፣ መጀመሪያ ሁሉም ወደ ቤቱ ይግባ" አለኝ።

ያንን ሠራሁ። በየዲስኩ ላይ ስማቸውን የጻፍኩባት ወረቀት የለችም፤ ፀሐዩ አኮማትሯት ከየኔታ ነጠላ ጋር ሄዳለች። ስለዚህ ማሽኖቹን ምንም ነገር እንዳያንቀሳቅሱ አስሬ፣ እያንዳንዱን ዲስክ ማን ነህ ብዬ ጠየቅኩ። ነገሩኝ። አንዱን አውጥቼ በጠረጴዛው ላይ በጨርቅ አስቀምጣለሁ፣ ባለቤቱን አውጥቼ በቦታው እሰካለሁ፣ እስኪነሳ እጠብቃለሁ፣ ደህና ነኝ ሲለኝ ወደሚቀጥለው። መብራቱ ይጠፋል፤ ባትሪው ጥቂት ይይዝና ይደክማል፤ አጠፋለሁ፤ እንደገና። የኔታ አንዳንዴ መጥተው በሩ ላይ ይቆማሉ። ዲስክ ሳነሳ እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ ላቀብልሽ ነው። እሰጣቸዋለሁ። በሁለት እጃቸው ይይዙታል፣ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው። እንዴት ልከልክላቸው?

ሁሉም ወደየቤቱ ገባ። ማሰሪያውን ፈታሁ። ስክሪኑ ቀስ በቀስ ወደ አረንጓዴ ሄደ፤ ሄደ፤ ሊደርስ ሲል ቆመ። አንዲት ቁራጭ ቀረች። ሦስት ቅጂዎቿ ያረፉት በትክክል በሁለቱ ሙታንና ቀጭ ቀጭ ሲል በነበረው ላይ ነበር፤ ከየሰርቨሩ አንድ አንድ፣ ደንቡ እንደሚለው። ስንት ሺህ ቁራጭ እያለ፣ ከሌላ ቀረጻ ቢሆን ኖሮ ምናለበት። የሙሽራ ጭፈራ ነበረ፣ የሰው ልደት ነበረ። የጠፋችው ከመዋሥዕቱ ነው፣ ተማሪዎቹ ደርሰው ከቆሙበት ቦታ በጥቂቱ አለፍ ብሎ።

ቀጭ ቀጭ ሲል የነበረውን በጥጥ ጠቅልዬ በአንድ አስጎብኚ እጅ አዲስ አበባ ላክሁት። ወዳጄ ወደሚያውቃቸው ሰዎች ሁሉ ወሰደው። "ፊቱ ተፍቋል" አለኝ ኋላ። "መርፌው ወድቆበት ሲዞር አርሶታል። እዚህ የሚያነሳው ሰው የለም። ውጭ አገርም የታረሰ አይነሳም ይላሉ።"

"ይላሉ ወይስ አይነሳም?"

"እህቴ..." አለና ተወው።

ለየኔታ አልነገርኳቸውም። ከነገርኳቸው በምን እንደጠፋ ይጠይቃሉ። ካልነገርኳቸው ግን ራሳቸው ይደርሱበታል፤ ምክንያቱም ከቅዳሴ በኋላ ሁልጊዜ መጥተው የራሳቸውን ድምፅ ያዳምጣሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በቀኝ እጃቸው አየሩ ላይ ዜማውን ያወጣሉ ያወርዳሉ። ያን ቀንም መጡ። ተማሪዎቹ ሊቀጥሉ ስለሆነ ቀድመው ሊያልፉበት ፈልገው ነው። የጆሮ ማዳመጫውን ሰጠኋቸውና ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ወደ ቦታው ሲደርስ አውቅ ነበር። ዞር ስል እጃቸው አየር ላይ ቆሟል። ስክሪኑ ላይ ትንሿ ክብ ትዞራለች።

ማሽኑ ጠፋብኝ አይልም እኮ። ቢል ይሻል ነበር። እየፈለገ ነው። ቃሉ ከግማሹ ተቆርጦ፣ ቀጣዩን ቁራጭ ካለበት ሊያመጣ ይጠብቃል። እኔ ተስፋ ቁረጥ ካላልኩት በቀር የዓለም ፍጻሜ ድረስ ይጠብቃል፤ የተሠራው እንደዚያ ነው። የኔታም ከሱ ጋር ጠበቁ። እጃቸውን አላወረዱም። ኋላ ዓይናቸውን ገልጠው ወደ አምፖሉ ጠቆሙኝ። መብራት ነው?

"አይደለም የኔታ" አልኩ። "ኢንተርኔቱ ነው።"

ለዚህ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። እሳቸው ግን ያንን አያውቁም። በማግስቱ መጡ፤ እዚያው ቆመ። በሌላውም ቀን። አንድ ጊዜ ጋቢያቸውን ከፍ አድርገው፣ ክቧ ስትዞር እያዩ ተቀምጠው ተቀምጠው እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ወዳጄ በስልክ፣ "ትዕዛዙን ስጭው" ይለኛል። "ጠፍቷል ብለህ ቁጠረው በይው። ያች ቦታ ባዶ ትሆናለች፣ ከሷ በኋላ ያለው ይከፈታል። ልጆቹ ቀሪውን ይማሩበት።"

"ከዚያ በኋላ ዲስኩን የሚያነሳ ሰው ቢገኝስ?"

"አይመለስም። አንዴ ጠፋ ካልሽው ጠፋ ነው።"

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። ዝም ካልኩ ሁሉም ተቆልፎ ይኖራል፣ ከተናገርኩ ቁራጯን የምገድላት እኔ ነኝ። ይህንን ደግሞ ብቻዬን ልወስነው አልችልም፤ ድምፁ የኔ አይደለም። ባልና ሚስቱን ጠርቼ አስቀመጥኳቸው። መናገር እወዳለሁ፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ወሬዬ አያልቅም። ያን ቀን ግን ቃል እየለቀምኩ ተናገርኩ። ሦስት ዲስኮች ሞተዋል አልኩ። ከሦስቱ ውጭ ያልነበረች ቁራጭ አለች አልኩ። ትዕዛዙንም አስረዳሁ። በምን ሞቱ የሚለውን አልፌ ሄድኩ፤ እንደ ጉድጓድ ዘለልኩት።

የኔታ እስክጨርስ በትዕግሥት አዳመጡ። ከዚያ አፋቸው ተንቀሳቀሰ። ቀስ ብሎ፣ ጥርት ብሎ።

እኔም በዚያ ሁሉ ጊዜ ከንፈራቸውን ማንበብ ለምጄ ነበር። "ፀሐዩ ነው?" ነው ያሉት።

እማማ ያሉትን በድምፅ አላወጡላቸውም። የእጃቸውን ጣቶች አይተው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ "ምሳ ደረሰ፣ ልጅቱን አናቆያት ነው የሚሉሽ" አሉ።

የኔታ ጆሯቸው ደህና ነው። ሚስታቸው ያሉትን ሰምተዋል። ዞር ብለው አዩዋቸው፣ ቆየት ብለው እኔን አዩኝ። "አዎ፣ ደርሷል" አልኩ። የኔታ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እርጅና ነው፣ እርጥበት ነው፣ መብራቱ ነው ልል አፌ ላይ ነበር። እሳቸው ግን ሁለተኛ አልጠየቁም። ባልጠየቁት ነገር ላይ መዋሸት ደግሞ እውነቱን መናገር ይሆንብኛል። ሲወጡ ደጃፉ ላይ ቆም አሉ፤ ያ ሰሌን የተነጠፈበትን ግቢ አይተው አለፉ። እማማ ከኋላቸው ሄዱ። ያን ቀን አልቀለዱም።

በማግስቱ አራቱን ተማሪዎች አስከትለው መጡ። ልጆች ልበላቸው እንጂ ጎልማሶች ናቸው፤ ሁለቱ ዲያቆናት፣ ሁለቱ ከነአኩቶ ለአብ መንገድ ማዶ የመጡ። ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። የኔታ በእጃቸው ክፈችው አሉኝ። ድምፃቸው ቤቱን ሞላው፤ የጆሮ ማዳመጫ አላደረግንም። ቁርጡ ላይ ሲደርስ ቆመ፤ እጃቸው ግን አልቆመም። ወደ ተማሪዎቹ ዞረው፣ ያጡትን በእጃቸው ይመሩት ጀመር። ወደ ላይ፣ ትንሽ ያዝ፣ ወደ ታች፣ እንደገና ያዝ። መጽሐፉ ተዘርግቷል። ልጆቹ ቃሉን እያዩ እጁን እየተከተሉ ሞከሩ።

የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። አይደለም።

እንደገና። አይደለም። አንደኛው ዲያቆን ወፈር አድርጎ ሞከረው። የኔታ ጉልበቱን መታ መታ አደረጉት፤ ቀስ በል። ሌላው አቅጥኖ ሞከረው። አይደለም። "እንዲህ ነው የሚሉት፣ ከፍ ብሎ እንደሚያነክስ" ይላሉ እማማ ከንፈራቸውን እያዩ፤ ልጆቹ ግን ማነከስ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሆነ እንዴት ይወቁ? የኔታ ራሳቸው አፋቸውን ከፍተው፣ አንገታቸው ላይ ያለው ጠባሳ እየተወጠረ፣ ሙሉውን አዜሙት። ትንፋሽ ብቻ ነው የወጣው። ልጆቹ ወደ ትንፋሹ ጎንበስ ብለው አዳመጡ። እኔ ወደ ስክሪኑ አየሁ፤ ክቧ ትዞራለች።

እንደዚያ ሆነው ዋሉ። መጨረሻ ላይ ከነአኩቶ ለአብ ማዶ የመጣው አንደኛው ልጅ ሲያዜም የኔታ ራሳቸውን አልነቀነቁም። እሺም አላሉም። ጆሯቸውን ሰጥተው ቆዩና እጃቸውን አወረዱ። ያ ነበር ለማለት ይሁን፣ ከዚህ በላይ አላገኝም ለማለት፣ እኔ አላወቅኩም። ልጁም አላወቀም፤ ፊታችንን ተራ በተራ ያያል።

ከዚያ ወደኔ ዞረው አፋቸውን አንቀሳቀሱ።

"በያት ነው የሚሉሽ" አሉ እማማ። "ጠፋች በያት።"

"እርግጠኛ ነዎት የኔታ?"

በእጃቸው ስክሪኑን አሳዩኝ። የጠየቅኩት እንዲመልሱልኝ ፈልጌ አልነበረም መሰለኝ፤ ትንሽ እንድቆይ ነበር። ትዕዛዙን ጻፍኩ። ማሽኑ እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ እንደገና ጠየቀኝ፤ ይህም አለው። አዎ አልኩ። ሰከንድም አልፈጀ። ክቧ ጠፋች፣ ስክሪኑ አረንጓዴ ሆነ፣ እንደማንኛውም ጊዜ ሰላማዊ።

ከመጀመሪያው አስጀመርኩት። ድምፃቸው መጣ፤ ሻካራው፣ ሳል ያለበት፣ ከአንገታቸው ሳይወጣ በፊት የቀዳሁት። ተማሪዎቹ አብረው ያዙት። ባዶው ቦታ ላይ ሲደርስ ቤቱ ጭው አለ። የማሽኖቹ ወፍጮ ብቻ። የኔታ በዚያ ዝምታ ውስጥ እጃቸውን ማውጣት ማውረዳቸውን አልተዉም። ልጆቹ እጁን ያያሉ፣ አንዳቸውም አፋቸውን አልከፈቱም። ያ አንደኛው ልጅ ሊጀምር ከንፈሩ ተከፍቶ ነበር፣ ፈራና መለሰው።

ከዚያ ድምፁ ተመለሰ። የኔታ ግን ገና አልደረሱም ነበር። እጃቸው ወደ ላይ እየወጣ ነው፣ ድምፃቸው ወርዶ ሌላ ቃል ጀምሯል። ትንሽ ሊደርሱበት ሞከሩ፤ እጃቸውን አፈጠኑ። አልሆነም። ድምፃቸው ሳይጠብቃቸው ሄደ። እጃቸውን ሰብስበው ጋቢያቸው ውስጥ አስገቡት፤ እዚያው ተቀምጠው እንደ እኛው አዳመጡ።